ሲ ኤስ ሉዊስ፦ ሥነ መለኮትን በልብ ወለድ ሸፍኖ ወደ ጠፈር ያሻገረው ደራሲ

በ1938 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በለንደን አንድ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለንባብ በቃ። መጽሐፉ በሁለት ሰዎች ታፍኖ ወደ ማርስ ስለተወሰደ አንድ የቋንቋ ሊቅ ይተርካል። ደራሲው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ስለ ሥራው የወጡትን ስድሳ ያህል ሂሶች ሲመለከት አንድ ነገር አስገረመው። በታሪኩ ውስጥ ምድርን የሚገዛው ክፉ መንፈስ ከመጽሐፍ ቅዱሱ የሰይጣን ውድቀት የተቀዳ መሆኑን ያስተዋሉት ሁለት ሐያሲዎች ብቻ ነበሩ። የቀሩት ነገሩን የደራሲው የግል ፈጠራ አድርገው ወስደውታል።

ሌላ ሰው ቢሆን በአንባቢዎቹ ባዘነ ነበር። ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ ግን በዚህ አለማወቅ ውስጥ የተከፈተ በር አየ። በስብከት መልክ ቢቀርብላቸው ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች፣ ያንኑ ትምህርት በጀብድ ታሪክ ተሸፍኖ ሲያገኙት ሳይታወቃቸው ሊቀበሉት እንደሚችሉ ለአንዲት መነኩሲት ወዳጁ በደብዳቤ ገለጸላት። የቀረው የድርሰት ሕይወቱ በአብዛኛው የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው።

ሉዊስ የተወለደው ኖቬምበር 29 ቀን 1898 በአየርላንዷ የቤልፋስት ከተማ ነው። አባቱ አልበርት ጠበቃ ነበር። የቄስ ልጅ የሆነችው እናቱ ፍሎራ ደግሞ በዚያ ዘመን ለሴት ብርቅ በነበረው በሒሳብ ትምህርት ዲግሪ ነበራት። ቤተሰቡና ወዳጆቹ ጃክ እያሉ ይጠሩት ነበር። የአውራ ጣቶቹ አፈጣጠር አንድ አንጓ ብቻ ያለው በመሆኑ በእጁ የሚሠራ ነገር አይሆንለትም። ስለዚህ ሌሎች ልጆች መርከብና ቤት ከካርቶን ሲሠሩ፣ እርሱ ብዕር አንሥቶ ልብስ ስለለበሱና ስለሚናገሩ እንስሳት ይጽፍ ጀመር። ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ በመጻሕፍት የተሞላ ሲሆን፣ አያቱ በእጃቸው የሠሩት አንድ ትልቅ ቁም ሳጥንም ነበረበት።

በ1908 እናቱ በካንሰር ታመመች። የዘጠኝ ዓመቱ ጃክ ሳይጠራጠር ከጸለየ እንደምትድን አምኖ ጸለየ። ፍሎራ ግን በዚያው ዓመት ኦገስት 23 ቀን፣ በባሏ የልደት ቀን፣ አረፈች። ሳምንታት እንኳ ሳይቆዩ አባቱ በሐዘን እንደተዋጠ ልጁን ባሕር አሻግሮ እንግሊዝ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ላከው። በትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎቹን በዱላ የሚያሠቃይ ሰው ነበር። ልጁ በአንድ ጊዜ እናቱንም፣ ቤቱንም፣ በተወሰነ ደረጃም አባቱን አጣ።

በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ሉዊስ ፈጣሪ የለም ወደሚል አቋም ደረሰ። ከ1914 ጀምሮ በግል ያስተማሩት ዊልያም ኪርክፓትሪክ የተባሉ ጥብቅ ሽማግሌ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቃሉ ማስረጃ እንዲያቀርብ እያስገደዱ አእምሮውን እንደ ምላጭ ሳሉት። በ1916 ግን በአንድ የባቡር ጣቢያ ከሚገኝ የመጻሕፍት መደብር የስኮትላንዳዊውን የጆርጅ ማክዶናልድን «ፋንታስቲስ» የተሰኘ ምናባዊ ልብ ወለድ ገዛ። ማክዶናልድ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሰባኪ የነበረ ሰው ነው። ወጣቱ ይህን ሲያነብ አንዳች የቅድስና መዓዛ ምናቡን እንደነካው፣ የቀረው ሰብእናው ግን እስኪከተል ዓመታት እንደፈጀ በኋላ ዘመኑ ተርኳል። ያኔ የሚወደው ሁሉ ተረት፣ እውነት ነው ብሎ የሚያምነው ሁሉ ደግሞ ደረቅና ትርጉም አልባ ሆኖበት ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የጦር ግንባር የደረሰው 19ኛ ዓመት ልደቱን በሚያከብርበት ዕለት ነው። በኤፕሪል 1918 በከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ቆስሎ ተመለሰ። በጦርነቱ የወደቀ የአንድ ወዳጁን እናትም ለአሠርት ዓመታት በቤቱ ጦሯል። ስለ ውጊያው ብዙ አልጻፈም።

በ1925 በኦክስፎርዱ ማግደለን ኮሌጅ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጄ አር አር ቶልኪን የተባለ፣ ጥንታዊ የሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎችን የሚያስተምር አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። ሁለቱ በአፈ ታሪክ ፍቅር ተወዳጁ። በሴፕቴምበር 1931 አንድ ሌሊት ከሌላ ባልንጀራቸው ጋር በኮሌጁ የአትክልት መንገድ እየተመላለሱ እስከ ንጋት አቅራቢያ ተወያዩ። ሉዊስ ያኔ በፈጣሪ መኖር ማመን ጀምሮ ነበር፤ የክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ግን አልዋጥ ብሎት ቆይቷል። ቶልኪን ያነሣበት ነጥብ ቀላል ነበር። ሉዊስ በአረማውያን ተረት ውስጥ አንድ አምላክ ሞቶ ሲነሣ ሲያነብ ልቡ ይነካል። ታዲያ ያው ታሪክ በወንጌል ሲነገር ለምን ይሸሻል? ልዩነቱ ይህኛው በእርግጥ የተፈጸመ መሆኑ ብቻ ነው አለው። ከቀናት በኋላ ሉዊስ ወንድሙ በሚነዳው ሞተር ብስክሌት ጎን በተቀጠለው መቀመጫ ተቀምጦ ወደ አንድ የእንስሳት ማቆያ ሲሄድ፣ በመንገድ ላይ ሳለ አመነ።

ሁለቱ ወዳጆች ሊያነቡት የሚሹት ዓይነት መጽሐፍ የሚጽፍላቸው በማጣታቸው ራሳቸው ሊጽፉ ተስማሙ። ቶልኪን በዘመን ውስጥ ስለሚደረግ ጉዞ፣ ሉዊስ በጠፈር ስለሚደረግ ጉዞ። የቶልኪን ሳይጠናቀቅ ቀረ። ሉዊስ የጻፈው ግን በመግቢያችን ያነሣነው «ከዝምተኛዋ ፕላኔት» ነው። ቶልኪን ለአሳታሚዎች ባያማልደው ኖሮ እርሱም መሳቢያ ውስጥ በቀረ ነበር።

መጽሐፉ ለምን እንደተጻፈ ማወቅ ይጠቅማል። የዘመኑ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ንጉሥ ኤች ጂ ዌልስ ነበር። ሉዊስ ከልጅነቱ ጀምሮ ያደንቀዋል፤ ባለ ዕዳው መሆኑንም በመጽሐፉ መግቢያ ላይ በግልጽ አስፍሯል። ያላማረው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ዓይነቱ ድርሰት ጠፈር ጨለማና ባዶ፣ የሌላ ዓለም ፍጡራን ጭራቆች ናቸው፤ የሰው ልጅ ደግሞ ከፕላኔት ወደ ፕላኔት እየዘለለ ለዘላለም የመስፋፋት መብት አለው። አንድ ተማሪው ይህን ሕልም ከምሩ እንደ ሃይማኖት ይዞት ሲያገኘው ሉዊስ ደነገጠ።

ስለዚህ ሁሉን ገለበጠው። በእርሱ መጽሐፍ ጠፈር በብርሃንና በሕይወት የተሞላ ሰማይ ነው። ማርስ ላይ የሚኖሩት ሦስት ዓይነት ፍጡራን ተፋቅረው ይኖራሉ፤ ፈጣሪያቸውንም ያውቃሉ። የታመመችው ምድር ናት። ገዢ መልአኳ ስላመፀ ከሰማያት ጋር መነጋገር ያቆመች፣ በከበባ ውስጥ ያለች ፕላኔት ናት። አደገኛው ፍጡርም ወርቅና ግዛት ፍለጋ የመጣው ሰው ነው። መጽሐፉ የወጣው የአውሮፓ ኃያላን የሌላውን አገር መውረር እንደ ሥልጣኔ በሚቆጥሩበት ዘመን፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን በያዘችባቸው ዓመታት መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ግልበጣ በሌላ ዓይን ያየዋል።

በ1943 የወጣው «ፔሬላንድራ» ከሦስቱ የጠፈር መጻሕፍት ምርጡ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቦታው ቬነስ ነው። በወርቃማ ሰማይ ሥር ደሴቶች በባሕር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ከማዕበሉም ጋር ይወጣሉ ይወርዳሉ። የዚያ ዓለም ሔዋን አንድ ትእዛዝ ብቻ ተሰጥቷታል፦ በማይንቀሳቀሰው ምድር ላይ እንዳታድር። ፈታኙ ከምድር ይመጣል፤ የሚፈትናትም ሌሊትና ቀን በማያቋርጥ ክርክር ነው። ሉዊስ እዚህ ላይ የጠየቀው ጥያቄ ከባድ ነው። የኤደን ታሪክ ሌላ መጨረሻ ሊኖረው ይችል ነበርን?

ሦስተኛው መጽሐፍ በ1945 ታተመ። በሳይንስ ስም ሰውን ሊቆጣጠር ስለተነሣ የእንግሊዝ ተቋም ይተርካል። ጆርጅ ኦርዌል ሂሮሺማ በቦምብ በጋየች በቀናት ውስጥ በጻፈው ሂስ ሐሳቡን ወደደው፤ ተአምራቱና መናፍስቱ ባይገቡበት ግን በተሻለ ነበር አለ። የሥነ ሕይወት ሊቁ ጄ ቢ ኤስ ሃልዴን ደግሞ ሉዊስ ሳይንስን አጠልሽቷል ሲል በብርቱ ነቀፈው። ሉዊስ ተቃውሞው ሳይንስን ሳይሆን ሳይንስን ለሥልጣን መጠቀምን እንደሆነ መልስ ጽፎ ነበር፤ በሕይወት ሳለ ግን አላሳተመውም። በእኛ እይታ ኦርዌልም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ መጽሐፉ ከሚችለው በላይ ተሸክሟል።

በእነዚሁ የጦርነት ዓመታት የሉዊስ ድምፅ በየቤቱ ይሰማ ነበር። ከ1941 እስከ 1944 በቢቢሲ ራዲዮ ስለ ክርስትና መሠረታዊ እምነት ተከታታይ ንግግሮችን አደረገ። በጀርመን ቦምብ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ያደሩ ሰዎች ያዳምጡት ነበር። ገቢውን አብዛኛውን ለችግረኞች ይሰጣል።

ናርኒያ የተወለደችው ከአንድ ሥዕል ነው። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ፣ ከወገቡ በታች ፍየል የሆነ ፍጡር በበረዷማ ጫካ ጥላ ይዞና ጥቅል ተሸክሞ ሲሄድ በአእምሮው ይታየው ነበር። በ1939 ከለንደን የሸሹ ሕፃናት በቤቱ ተጠለሉ። በ1950 «አንበሳው፣ ጠንቋይዋ እና ቁም ሳጥኑ» ታተመ፤ እስከ 1956 ድረስም ሰባቱ መጻሕፍት በየዓመቱ ወጡ።

የአማርኛ አንባቢ ነገሩን ሰምና ወርቅ ለማለት ይቸኩል ይሆናል። አንበሳው አስላን ሰሙ፣ ክርስቶስ ወርቁ። ሉዊስ ግን ይህን ፍቺ አይቀበልም። እርሱ ራሱን የጠየቀው እንዲህ ነው፦ ናርኒያ የተባለ ዓለም ቢኖር፣ የእግዚአብሔር ልጅ በእኛ ዓለም ሰው እንደሆነ ሁሉ በዚያ አንበሳ ቢሆን፣ ምን ይከተል ነበር? አስላን በቱርክኛ አንበሳ ማለት ነው። በልቡ የነበረውም የይሁዳ ነገድ አንበሳ እንደሆነ ተናግሯል፤ ይህ ስያሜ ለእኛ አንባቢዎች ማብራሪያ አያሻውም።

ቶልኪን ናርኒያን አልወደደም፤ ከየአገሩ አፈ ታሪክ የተቃረመ፣ ጥድፊያ የበዛበት ሆኖ ታየው። ከዚያ በኋላ የመጡ ሐያሲዎች የከበደ ክስ አላቸው። በናርኒያ ደቡብ የሚኖሩት፣ ቆዳቸው ጠቆር ያለና ጥምጥም የሚጠመጥሙ ሕዝቦች በአብዛኛው ጨካኝ ተደርገው ተሥለዋል። ከመካከላቸው ጻድቅ የሆነ ወጣትና ደፋር ልጃገረድ መኖራቸው ነቀፌታውን ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም። ለማርስ ፍጡራን ያን ያህል ክብር የሰጠ ብዕር እዚህ ላይ የዘመኑን ንቀት አልተሻገረም።

በ1955 የታተመው «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ከሁሉም አስቸግሮት ነበር፤ ጀምሮ አቁሞ፣ ጥሎ አንሥቶ ነው የጨረሰው። ለምን እንደከበደው መገመት አይቸግርም። ዲጎሪ የተባለ ልጅ እናቱ በጽኑ ታማ አልጋ ላይ ናት። በሌላ ዓለም ሕይወት የሚሰጥ ፍሬ ያገኛል፤ ሰርቆ ለእናቱ እንዲወስድላት ጠንቋይዋ ትወተውተዋለች። ልጁ ግን ትእዛዙን ይጠብቃል። ቀደም ሲል ቀና ብሎ አንበሳውን ሲያየው የአንበሳው ዕንባ ከእርሱ በልጦ ነበር። ከዚያ በኋላ ፍሬው በፈቃድ ይሰጠዋል፤ እናቱም ትድናለች። በ1908 በቤልፋስት ያልሆነው በመጽሐፉ ሆነ።

ሕይወት ግን ጥያቄውን መልሶ አመጣበት። ጆይ ዴቪድማን ከኒው ዮርክ አይሁድ ቤተሰብ የተወለደች፣ ቀድሞ ኮሚኒስት የነበረች፣ ኋላ ክርስቲያን የሆነች አሜሪካዊት ገጣሚ ነበረች። በደብዳቤ ተዋወቁ። ከባሏ ከተፋታች በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ እንግሊዝ መኖር ጀመረች። በኤፕሪል 1956 ሉዊስ አገሩ እንድትቆይ ሲል በመዝገብ ቤት አገባት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አጥንቷ በካንሰር መጎዳቱ ታወቀ። የእናቱ በሽታ ነበር። ሊያጣት መሆኑን ሲያውቅ ምን ያህል እንደሚወዳት ገባው። በማርች 1957 አንድ ቄስ በሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ በጸሎት አጋባቸው፤ እጁንም ጭኖ ስለ ፈውሷ ለመነ።

ጆይ ተሻላት። ቆማ መራመድ ጀመረች። ሦስት ዓመት ያህል በደስታ ኖሩ፤ በኤፕሪል 1960 ግሪክን አብረው ጎበኙ። በሽታው ግን ተመልሶ ነበር፤ ጁላይ 13 ቀን 1960 አረፈች።

ስለ መከራ ለሌሎች ያስረዳ የነበረው ሰው በራሱ ማብራሪያ መጽናናት አቃተው። በደብተሮች ላይ ሐዘኑን፣ ንዴቱን፣ በሩ በፊቱ እንደተዘጋበት የተሰማውን ስሜት ሳይሸፋፍን ጻፈ። ጽሑፉ በ1961 ሲታተም በሽፋኑ ላይ የሰፈረው ስም የብዕር ስም ነበር። እምነቱን አልተወም፤ ዲጎሪን እንዳጽናናው ያለ ቀላል መልስ ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ሉዊስ ኖቬምበር 22 ቀን 1963፣ 65 ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በመኖሪያ ቤቱ አረፈ። በዚያው ዕለት ፕሬዝዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በዳላስ በመገደሉ የደራሲው ሞት በዜናዎች ሥር ተዋጠ። የተቀበረው በኦክስፎርድ ዳርቻ ባለች የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወንድሙ ዋረን በመቃብሩ ድንጋይ ላይ አንድ የሼክስፒር ስንኝ አስቀረጸበት። ስንኙ ከ55 ዓመታት በፊት፣ እናታቸው ባረፈችበት ዕለት፣ በአባታቸው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በነበረው የቀን መቁጠሪያ ላይ የሰፈረው ነው።