ማርያም ግብፃዊት

ወገኔ ሆይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ርቀህ ከርመህ በዚህ ጾም ተመልሰህ ይሆናል። ግን የድሮው አሳብ ዛሬም እየመጣ ያስቸግርሃል። እንግዲያውስ የቅድስት ማርያም ግብፃዊትን ታሪክ ስማ። ከክርስቲያን ወላጆች ተወልዳ ሳለ፣ ገና በ12 ዓመቷ ትታቸው በእስክንድርያ 17 ዓመት በዝሙት ኖረች። ለመስቀል በዓል ኢየሩሳሌም የሄደችውም ለመሳለም አልነበረም፤ መንገደኞቹን ለማሰናከል ነበር እንጂ። ሕዝቡ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ግን እሷን የማይታይ ኃይል ከደጃፉ መለሳት። ደጋግማ ሞከረች፤ አልሆነም። ያን ጊዜ ነው በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ ያለቀሰችው። ከዚያ ገብታ መስቀሉን ተሳለመች፤ ሦስት ዳቦ ገዝታ ዮርዳኖስን ተሻገረች።

ታዲያ በረሃ ስትገባ ፈተናው የቀረላት እንዳይመስልህ። የግብፅ ዓሣና ሥጋው፣ ወይን ጠጁ፣ ዘፈኑ ሳይቀር 17 ዓመት ሙሉ በልቧ እየመጣ አስጨነቃት። በኃጢአት የኖረችውን ያህል ዘመን ታገለች ማለት እኮ ነው! ሲብስባት መሬት ላይ ተደፍታ፣ ዋስ የሆነቻትን እመቤታችንን እየጠራች ታነባ ነበር። ዕረፍት ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው። አባ ዞሲማስ ሲያገኛት በበረሃው 47 ዓመት ሆኗት ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት በጸሎተ ሐሙስ ዮርዳኖስ ዳር ቅዱስ ቁርባን አቀበላት። ዳግመኛ በሕይወት አላያትም። መታሰቢያዋ ሚያዝያ 6 ቀን ነው።