ዶክተር አክሊሉ ለማ፤ እንዶድና የወንዝ ዳር ሕፃናት

በወላይታ ዞን፣ በዳሞት ወይዴ ወረዳ በተማሪዎች ላይ የተደረገ ምርመራ የአንጀት ቢልሃርዚያ በስፋት መኖሩን አሳይቷል። ወላይታ ሶዶ ተቀምጦ የውኃ ቦይ ለሚነድፍ መሐንዲስ ይህ በሽታ የሙያው ጉዳይ ነው። ስለዚህም የዶክተር አክሊሉ ለማን ሕይወት ለማኅበራችን አባላት ማስታወስ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት በ1935 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጽመዋል። በ1964 የበሽታውን አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አስተዋሉ። አረፋውን በዕቃ አስቀድተው ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ቢጨምሩበት እነዚያም ሞቱ። እናቶች ከጥንት ጀምሮ ልብስ የሚያጥቡበት ተክል የበሽታ መከላከያ ሆኖ ተገኘ።

ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ትል በውኃ የሚጫወተውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። እንቁላሎቹ በደም ተወስደው ጉበት ውስጥ ሲቀሩ ጉበቱ በጠባሳ ይጠጥራል፤ ጣፊያም ያብጣል። በሽታው ለዓመታት ሲቆይ፣ የደም ማነስና የምግብ እጥረት ሲታከሉበት፣ የልጁ አካል ይቀጭጫል፤ የአንጎሉ ዕድገትና ትምህርት የመቀበል ችሎታውም ሊጎዳ ይችላል።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ዐድዋ ላይ እንዶድ ለ5 ዓመታት በውኃው ላይ ሲሞከር በትንንሽ ልጆች ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ይሁን እንጂ ከውጭ የተጠየቀው የመርዛማነት ምርመራ ብዙ ዓመታት ፈጀ። በድሃ አገር ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በቂ ማስረጃ ሆኖ አለመቈጠሩ እጅግ ያሳዝናቸው ነበር። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በኋላም በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል አገልግለዋል። በ1997 ያረፉ ሲሆን ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ቀንድ አውጣው ቀስ ብሎ በሚፈስ፣ ሣር በበቀለበት ቦይ ውስጥ ይራባል። እንግዲህ የቦዩን ተዳፋት፣ የማጠቢያውንና የመሻገሪያውን ስፍራ ስንወስን የልጆችን ጉበትና አእምሮ ጉዳይ አብረን እንወስናለን። ዶክተር አክሊሉ ከማጠቢያው በታች ያለውን ውኃ እንደ ተመለከቱ፣ እኛም ሥራችንን ካስረከብን በኋላ ወደ ታችኛው ተጠቃሚ ወርደን ልናይ ይገባናል።