ዘር ፍለጋ ጎንደርን ያቋረጡት ቫቪሎቭ

የትኛው ሰብል የት ሊበቅል እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ የአርሶ አደሩም የግብርና ባለሙያውም የዘወትር ጥያቄ ነው። ዛሬ ይህን ጥያቄ ኮምፒውተር በካርታ ለመመለስ ይሞክራል። ለዚህ ሥራ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ፣ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን በበቅሎ ተጉዘው አገራችንን ያዩት ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። የግብርና ትምህርት በዚያው ከተማ ተምረው ሰብሎች በሽታን እንዴት እንደሚቋቋሙ ሲመራመሩ ቆዩ። ከ1917 ጀምሮ በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው በሳራቶቭ ከተማ አስተማሩ። በ1921 የቮልጋን አካባቢ ድርቅ መታው፤ ብርቱ ረሃብም ገባ። ቫቪሎቭ ድርቅን የሚችልና በሽታን የሚቋቋም ዘር በየአገሩ ገበሬ ጎተራ ውስጥ እንዳለና ተፈልጎ መሰብሰብ እንዳለበት ያምኑ ነበር። ዕድሜያቸውንም ለዚህ ሥራ ሰጡ።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1927 መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ ራስ ተፈሪ አነጋገሯቸው። ከዚያ ጓዛቸውን በበቅሎ ጭነው በጎጃምና በጎንደር በኩል እስከ አስመራ ዘለቁ። በየመንገዱ ከማሳና ከገበያ የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍና የሌላም ሰብል ናሙና በሺዎች ሰበሰቡ። ለእርሳቸው ናሙና ማለት እፍኝ እህል ብቻ አልነበረም። የተገኘበት ቦታ፣ የቦታው ከፍታና አየር ጠባዩም አብሮ መታወቅ ነበረበት።

በአንድ ማሳ ውስጥ ተደባልቆ የሚታየው የስንዴና የገብስ ዓይነት ብዛት እጅግ አስደነቃቸው። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መፍለቂያ ማዕከላት አንዷ አድርገው መዘገቡ። በአንድ ነገር ግን የኋላ ተመራማሪዎች አርመዋቸዋል። የዱረም ስንዴ የዱር ዘመዶች የሚገኙት በመካከለኛው ምሥራቅ በመሆኑ፣ ስንዴው ከዚያ መጥቶ በእኛ ገበሬ እጅ ዝርያው እንደበዛ ይታመናል። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ግን የዚሁ አገር ተወላጆች ናቸው።

መጨረሻቸው አሳዛኝ ነበር። የዘር ውርስን ሳይንስ የካደው የሊሴንኮ ወገን በስታሊን መንግሥት ዘንድ ሲሰማ ቫቪሎቭ ተጠሉ። በነሐሴ 1940 ታሰሩ፤ ሞት ተፈርዶባቸው ቅጣቱ ወደ እስራት ተለወጠ። ዓለምን ከረሃብ ለማዳን የደከሙት ሰው በ1943፣ በ55 ዓመታቸው፣ ቀድሞ ባስተማሩባት በሳራቶቭ ከተማ እስር ቤት በረሃብ ተጎድተው ሞቱ። በዚያው ጦርነት ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ስትከበብ የተቋማቸው ሠራተኞች የተሰበሰበውን ዘር አንበላም ብለው ጠበቁት። በርካቶቹም እህል አጠገብ ሆነው በረሃብ አለቁ።

ዛሬ የዝርያ መኖሪያ ትንበያ የሚባለው ጥናት የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ መዝገብ ነው። አንድ ሰብል ወይም ዛፍ የተገኘባቸው ቦታዎች ነጥብ ሆነው ይገባሉ። በነጥቦቹ ላይ የሙቀት፣ የዝናብ፣ የከፍታና የአፈር መረጃ ይደረባል። ኮምፒውተሩ ዝርያው የሚስማማውን ሁኔታ ከዚህ ይለይና ያንኑ የሚመስል ሌላ ቦታ የት እንዳለ በካርታ ያሳያል። የወደፊቱ ሙቀት ሲገባበት ደግሞ ዛሬ የሚስማማው ቦታ ነገ ይስማማ እንደሆነ ይገምታል።

ነገሩን በማክሰኝት ማየት ይቻላል። የጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ ከ1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በላይ ይወጣል። አንድ መቶ ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ ያለ ይቀንሳል። ስለዚህ አየሩ በአንድ ዲግሪ ቢሞቅ ዝርያው የለመደውን ቅዝቃዜ ለማግኘት ወደ 150 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። የታችኛው ማሽላ ወደ ላይ መውጫ አለው። የአናቱ ገብስ ግን ከተራራው በላይ የሚሄድበት የለውም። ያለው አማራጭ ሙቀቱን የሚችል የገብስ ዓይነት ከሌላ ቦታ ማግኘት ነው፤ ለዚህም የአገር ዘር ሳይጠፋ መቆየት አለበት።

ካርታው ሁሉን አያውቅም። ናሙናው ከመንገድ ዳር ብቻ ከተሰበሰበ ከመንገድ የራቀውን ቀበሌ ይስታል። ዋግ፣ ገበያ፣ የእርሻ ልማድም አይታዩትም። ስለዚህ ማሳ ላይ መፈተን ግድ ነው። በመቄት ወረዳ 400 የዱረም ስንዴ ናሙናዎች ተዘርተው ወንድና ሴት አርሶ አደሮች ራሳቸው ሲመርጡ፣ አንዳንዱ የአገር ዘር ከተሻሻለው በልጦ ተገኝቷል።

በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ተቋም የአገር ዘርን ሰብስቦ ያቆያል። ነገር ግን በወረዳ ደረጃ ምርጥ ዘር ሲገባ የሚተወው ነባር ዘር ስሙ፣ ቀበሌው፣ ከፍታው፣ አፈሩና የሚዘራበት ወር ሳይጻፍ ከጠፋ፣ ለነገው ካርታ የሚሆን ነጥብ አብሮ ይጠፋል። ቫቪሎቭ ከበቅሎ ወርደው ይጽፉት የነበረው ይህንኑ ነው፤ ዛሬም ከአንድ እርሳስና ከአንድ ደብተር የበለጠ አይጠይቅም።