ፓውንድ ሲጠቀም የኖረው ኒውተን

በዚህ እትም የታዋቂ ሰዎች ዓምድ የማቀርብላችሁ የአይዛክ ኒውተንን የሕይወት ታሪክ ነው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ኃይል ስናሰላ ከቁጥሩ ጎን ኒውተን ብለን እንጽፋለን፤ ካልጻፍን ቲቸር ግማሽ ማርክ ይቀንስብናል። እኔ ስለ ሰውዬው ሳነብ በጣም የገረመኝ ግን ኒውተን ራሱ በሕይወቱ አንድም ቀን በኒውተን ለክቶ አለማወቁ ነው። በሱ ጊዜ በአገሩ በእንግሊዝ የሚመዘነው በፓውንድ ነበር።

ኒውተን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1642 ዉልስቶርፕ በምትባል የገጠር መንደር፣ በእነሱ የገና ዕለት ነው። አባቱ ገበሬ ነበር፤ ልጁ ሊወለድ 3 ወር ሲቀረው ሞተ። ሕፃኑም በጣም ትንሽ ስለነበር ይተርፋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። 3 ዓመት ሲሆነው እናቱ ሌላ ባል አገባችና እሱን አያቱ ጋ ትታው ሄደች። የተመለሰችው የእንጀራ አባቱ ሲሞት፣ እሱ 10 ዓመት ሆኖት ነው።

ከዚያ ግራንታም የምትባል ከተማ ሄዶ፣ አንድ መድኃኒት ቀማሚ ቤት እየኖረ ተማረ። በትርፍ ጊዜው ትንንሽ የነፋስ ወፍጮና የፀሐይ ሰዓት ይሠራ ነበር። ወደ 17 ዓመቱ ሲጠጋ ግን እናቱ እርሻውን እንዲይዝላት ብላ ከትምህርት አስወጣችው። እሱ ደግሞ በግ ጠብቅ ሲባል ልቡ ሌላ ቦታ ነው፤ በጎቹ የሰው ማሳ እየገቡ ቅጣት ሁሉ ከፍሏል! ርዕሰ መምህሩና አጎቱ እናቱን ለምነው ባያስመልሱት ኖሮ ዛሬ ስሙን ማን ያውቀው ነበር? ይሄን ሳነብ የኛ ክፍል ልጆች ትዝ አሉኝ። አዝመራ ሲደርስ ቀርተው በዚያው ያልተመለሱ አሉ፤ እነሱን ማን እንደለመነላቸው እንጃ።

እ.ኤ.አ. በ1661 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። መጀመሪያ ላይ ሀብታም ተማሪዎችን እያገለገለ ነበር የሚማረው። በ1665 ወረርሽኝ ገብቶ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደ መንደሩ ተመለሰ። የፖሙ ታሪክ የዚህ ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን ፖሙ ራሱ ላይ ወደቀ ብለን ነው የምናወራው፤ እሱ ሲያረጅ ለወዳጆቹ የነገራቸው ግን ፖም ሲወድቅ ማየቱን ብቻ ነው። ፖሟን ወደ ታች የሚስባት ኃይል ጨረቃንም ይስባት ይሆን ወይ ብሎ አሰበ። ነገሩን አስልቶ በመጽሐፍ ያወጣው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1687 ነው። ማሳተሚያውን የከፈለለት ጓደኛው ሃሌይ ነው፤ የሳይንስ ማኅበሩ ገንዘቡን ስለ ዓሣ ለተጻፈ መጽሐፍ ጨርሶት ነበር።

በ1696 ደግሞ ለንደን ሄዶ ገንዘብ የሚሠራበት ቤት ኃላፊ ሆነ። ሌቦች የብር ሳንቲሞችን ጠርዝ እየከረከሙ ይሸጡ ስለነበር ሳንቲሙ በሙሉ እየቀለጠ እንደገና ይሠራ ነበር። ስለዚህ የሚዛን ነገር ለሱ ቀልድ አልነበረም። (የእንግሊዝ ገንዘብ ፓውንድ የተባለውም ድሮ ከአንድ ፓውንድ ብር ክብደት ተነስቶ ነው።) ኒውተን ጎበዝ ቢሆንም ሰው የሚነቅፈውን አይወድም፤ ላይብኒዝ ከሚባል የሒሳብ ሊቅ ጋር ማን ቀደመ ብለው ለዓመታት ተጣልተዋል። ይሄ ባሕርዩን አልወደድኩለትም። በ1727 በ84 ዓመቱ ሞቶ ለንደን፣ ዌስትሚኒስተር አቢ ተቀበረ።

ሜትርና ኪሎግራም በፈረንሳይ ሕግ የወጣላቸው በ1795 ነው፤ እሱ ከሞተ 68 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ኒውተን የሚለው መለኪያ ደግሞ በ1948 በዓለም አቀፍ የመለኪያዎች ጉባኤ ጸደቀ። 1 ኪሎግራም የሆነን ነገር ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ1 ሜትር በሰከንድ የሚጨምርለት ኃይል 1 ኒውተን ይባላል።

ታዲያ ፓውንድን ወደ ኒውተን እንዴት እንቀይር? 1 ፓውንድ ወደ 0.4536 ኪሎግራም ነው። ምድር እያንዳንዱን ኪሎግራም ወደ 9.81 ኒውተን በሚሆን ኃይል ትስባለች። ሁለቱን ስናባዛ 4.45 ኒውተን ገደማ ይመጣል። በቃ፣ ፓውንዱን በ4.45 ማባዛት ነው፤ ለመመለስ ማካፈል። ለምሳሌ 20 ሊትር ውኃ ያለ ጀሪካኑ 20 ኪሎ ነው። በ9.81 ሲባዛ 196 ኒውተን፣ ያ ለ4.45 ሲካፈል 44 ፓውንድ ይሆናል። ጎሚስታ ቤት ባለው የንፋስ መለኪያ ላይም ፓውንድ አለ፤ 30 ፒ.ኤስ.አይ ማለት በ1 ኢንች ካሬ ላይ 30 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 133 ኒውተን ኃይል ነው።

አትቀይሩ ብትሉስ? ናሳ በ1998 መጨረሻ ወደ ማርስ መንኮራኩር ልኮ ነበር። በጉዞዋ ላይ የምትተኩሳቸውን ትንንሽ ግፊቶች የሠራት ድርጅት ፕሮግራም በፓውንድ አስልቶ ያቀብላል፤ መንገዷን የሚከታተሉት ደግሞ ኒውተን ነው ብለው ይወስዱታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር ከእውነተኛው 4.45 ጊዜ አነሰ። 9 ወር ተጉዛ ሴፕቴምበር 1999 ማርስ ስትደርስ ከ80 ኪሎ ሜትር በታች መውረድ አልነበረባትም፤ የወረደችው ግን እስከ 57 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፕላኔቷ ጀርባ እንደዞረች ድምፅዋ ጠፋ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣባት ነበረች። እነዚያ ሁሉ ኢንጂነሮች እኮ ማባዛት አቅቷቸው አይደለም!

የዚህ እትም ጥያቄ፦ 25 ኪሎ የዱቄት ከረጢት ምድር በስንት ኒውተን ኃይል ትስበዋለች? በፓውንድስ? መልሱን ከነስሌቱ ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን እስከ ዓርብ አስገቡ። ቀድሞ ለመለሰ አንድ እስክሪብቶ አለ። መለኪያ ያልተጻፈበት መልስ አናርምም።