ከሸክላ በፊት፦ የጅዳንና የመካን ድምፅ በሰም ያስቀረው ሆላንዳዊ

ጅዳ ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ አል-በለድን ታውቂዋለሽ። እረፍት ባገኘሽበት ቀን በእንጨት መስኮት ባጌጡት አሮጌ ቤቶች መካከል አልፈሽም ይሆናል። በ1884 ኦገስት ወር (ዛሬ የምጠቅስልሽ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አንድ የ27 ዓመት ሆላንዳዊ በዚህች ከተማ ወደብ ላይ ከመርከብ ወረደ። ስሙ ክርስቲያን ስኑክ ሁርግሮንየ ይባላል። ዓረብኛ በዩኒቨርሲቲ የተማርን ሰዎች ስሙን ሳንሰማ አንመረቅም።

የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ ነው። ሌይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጀመሪያ ሥነ መለኮት፣ ቀጥሎ ዓረብኛ ተማረ። በ1880 ዶክትሬቱን ያገኘው ስለ ሐጅ ሥርዓት በጻፈው ጥናት ነው፤ ያኔ መካን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ወደ ጅዳ የመጣውም ለዕውቀት ብቻ አልነበረም። ሆላንድ የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ በቅኝ ትገዛ ነበርና በየዓመቱ ለሐጅ የሚሄዱት ተገዢዎቿ መካ ውስጥ ምን እንደሚነጋገሩ ማወቅ ትፈልግ ነበር።

ስኑክ ለወራት በጅዳው የሆላንድ ቆንስላ ተቀመጠ። በ1885 መጀመሪያ መስለሙን አስታወቀ፣ አብዱልገፋር ተባለ፣ በየካቲትም መካ ገባ። ከልቡ ሰልሞ ነው ወይስ ለመግቢያ ብሎ? ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። መካ ውስጥ ከሊቃውንቱ ጋር ይማራል፣ ሠርግ ቤት ይቀመጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ያየውን ሁሉ ይጽፋል። ፎቶ ማንሻም ነበረው። ስሙ እንደ እርሱ አብዱልገፋር ከሚባል የመካ ሐኪም ጋር አብረው ፎቶ ያነሱ ነበር፤ ሐኪሙ በኋላም ሥዕሎች ይልክለት ነበር። ስኑክ እነዚህን በ1889 አሳትሞ ሲያወጣ ግን የሐኪሙን ስም አልጻፈም።

ያልተጻፈ ሌላም ሰው አለ። መካ ውስጥ በስኑክ ቤት አንዲት ሐበሻ ሴት ትኖር ነበር፤ በገንዘብ የተገዛች። ባሪያም የአልጋ ጓደኛም ነበረች። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ በቀይ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ሴቶች በሒጃዝ ቤቶች ውስጥ ብዙ ነበሩ፤ በዓረብኛ ጃሪያ ይባሉ ነበር። ዛሬ በየቤቱ አንቺን ሸጋላ ሲሉሽ የምትሰሚው ቃል ሌላ ነው፣ ትርጉሙም ሌላ ነው፤ ሸጋላ ማለት ሠራተኛ ናት፣ ደመወዝ አላት። ባርነት በሳዑዲ ዓረቢያ በሕግ የተሻረው በ1962 ነው፤ አያትሽ ልታስታውሰው የምትችለው ዘመን ማለት ነው።

ስኑክ ስለ መካ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ስለ ሐበሻ ባሮች ብዙ ያትታል። ኑሯቸው አውሮፓ ውስጥ እንደሚወራው የከፋ አይደለም እያለ ባርነትን የሚቃወሙትን ይነቅፋል። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር ብዕሩን የያዘው ገዢው እንጂ የተገዛችው እንዳልሆነች አስባለሁ። እርሷን ብንጠይቃት ኖሮ መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ይሆን ነበር።

የመካ ኑሮው ስድስት ወር ገደማ ብቻ ቆየ። አንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ ሰውየው የመጣው ተይማ ላይ የተገኘውን ጥንታዊ የድንጋይ ጽሑፍ ፈልጎ ነው ብሎ ጻፈ። ወሬው የቱርክ ባለሥልጣናት ጆሮ ደረሰና በኦገስት 1885 ውጣ ተባለ። ሐጅ ሊደርስ ሳምንታት ቀርተውት ነበር፤ ዶክትሬት የጻፈበትን ሥርዓት ሳያይ ሄደ። ሴትየዋ ቀረች።

ምናልባት ስልክሽ ላይ በ1885 መካ የተቀዳ የቁርኣን ንባብ እየተባለ የሚዞረው ቅጂ ደርሶሽ ይሆናል። ዓመቱ ትክክል አይደለም። በ1885 ስኑክ የያዘው ካሜራ ነው። የድምፁ ሥራ የመጣው ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

በመካከሉ ከ1889 እስከ 1906 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የቅኝ መንግሥቱ አማካሪ ሆነ። የአቼን ሕዝብ ለመስበር ለተካሄደው ጦርነት ምክር የሰጠ እርሱ ነው፤ ስሙ በዚያ አገር ዛሬም በበጎ አይነሳም። ፎኖግራፍ ለሙስሊሞች ጥያቄ ሲሆንም ያየው እዚያው ነው፤ ባታቪያ የነበሩት ዓሊም ሰይድ ዑስማን ቁርኣንን ከመሣሪያ ስለ መስማት ፈትዋ ሰጥተው ነበር፤ ስኑክም በ1900 ስለዚሁ ጉዳይ ጽሑፍ አወጣ።

ወደ ሆላንድ ከተመለሰ በኋላ በጅዳው ቆንስላ በኩል ከ1906 እስከ 1909 ድምፅ ማስቀዳት ጀመረ። የጅዳና የመካ ዘፈን፣ የቁርኣን ንባብና ሌላም ድምፅ ተቀዳ። ከዓረቢያ ምድር ከተቀዱት ድምፆች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ውስጥ ናቸው።

ያኔ ለገበያ የቀረቡት ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች ነበሩ። አንደኛው እኛ ሸክላ የምንለውን ጠፍጣፋ ዲስክ የሚያጫውተው ግራሞፎን ነው። ዲስክ በማተሚያ በብዛት ይወጣል፣ ለማስቀመጥም ይመቻል፤ ነገር ግን ቤትሽ ሆነሽ ልትቀጂበት አትችዪም። ሁለተኛው ፎኖግራፍ ነው፤ ከሰም የተሠራ፣ ብርጭቆ የሚያህል ሲሊንደር ይገባበታል። መብራት አይፈልግም፤ ሞላውን በእጀታ ጠምዝዘሽ ትለቂዋለሽ። ዘፋኙ ጡሩንባው ውስጥ ሲዘፍን ስስ ሽፋን ይርገበገባል፣ ጫፉ ላይ ያለው መርፌም ሰሙን ይፍቃል። የተቀዳውን መልሰሽ መላግና እንደገና መቅዳት ትችያለሽ። ዋጋውም እየወረደ መጥቶ ነበር፤ በ1900 አካባቢ የኤዲሰን ኩባንያ ስታንዳርድ የተባለውን 20 ዶላር፣ ትንሹን ጄም 7 ዶላር ከ50 ይሸጥ ነበር። ጉድለቱ አንድ ሲሊንደር የሚይዘው ሁለት ደቂቃ ያህል መሆኑና በተጫወተ ቁጥር ሰሙ መበላቱ ነው። የሒጃዝ ዘፋኝ ገና ሲሞቅለት ሰሙ ያልቅበታል። ሆኖም ድምፅ ለሚያስቀዳ ሰው ከሰሙ የተሻለ ምርጫ አልነበረም። ዓረብኛው ይህን ዘመን አልረሳውም፤ ሸክላ ዛሬም ኡስጡዋና ነው የሚባለው፣ ቀጥተኛ ትርጉሙም ሲሊንደር ነው።

አገራችንም ሁለቱንም አይታለች። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ ድምፅዋን ላከች፤ እነርሱም በዚያው ዓይነት መለሱላት። ከዓመታት በኋላ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄዶ የዘፈነው ግን በሸክላ ነው።

ሸክላ ካነሳን አይቀር፣ ለአባትሽ የድሮ ሸክላዎች ማጫወቻ ገዝተሽ መላክ ካሰብሽ፣ ሻንጣ የሚመስሉትን ርካሾች ተጠንቀቂ። የብዙዎቹ መርፌ በአምስት ግራም ያህል ክብደት ይጫናል፤ ከሁለት ግራም ብዙ የማይርቁት ግን ሸክላውን ያቆዩታል። ከክንዱ በስተኋላ የሚሽከረከር ማመጣጠኛ ክብደት ካለው ትንሽ ጨምረሽም ቢሆን እርሱን ምረጪ።

ስኑክ በሌይደን ፕሮፌሰር ሆኖ ኖረ፤ ለቆንስላዎች ዓረብኛ የሚያውቁ ሰዎችን አሠለጠነ። ጁን 26 ቀን 1936 በ79 ዓመቱ እዚያው ሞተ። የሰም ሲሊንደሮቹ ሌይደን ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ የተሰነጠቁም የሻገቱም አሉባቸው፤ የተረፈው ድምፅ ወደ ዲጂታል ተቀድቷል። ስታዳምጪው መጀመሪያ የምትሰሚው የሰሙን ፍትጊያ ነው፤ ቀጥሎ አንድ የጅዳ ሰው ሁለት ደቂቃው ሳያልቅበት ለመጨረስ ሲጣደፍ።