ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ የዕፅዋት በሽታ መቋቋም ጥናታቸውና በኅትመት መዝገባቸው ውስጥ ያለው ክፍተት

የአንድን ተመራማሪ ሥራ ለመመዘን ዛሬ የምንቸኩለው ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመና ስንት ጊዜ በሌሎች እንደተጠቀሰ ለመቁጠር ነው። ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይህ ቆጠራ ሊለካቸው ከሚቸገርባቸው ሊቃውንት አንዱ ናቸው። ብዙዎች የሚያውቋቸው የሰብሎችን መነሻ ሥፍራዎች በመለየታቸውና ባሰባሰቡት የዘር ክምችት ነው፤ የመጀመሪያው ዐቢይ መጽሐፋቸው ግን ዕፅዋት በሽታን ስለሚቋቋሙበት ተፈጥሯዊ ብቃት ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። በዚያው ከተማ የግብርና ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ ተጉዘው በዊልያም ቤትሰንና በሮውላንድ ቢፈን ዘንድ ሠሩ። ስንዴ ቢጫ ዋግን የመቋቋም ባሕርይው በሜንዴል ሕግ መሠረት እንደሚወረስ ቢፈን በ1905 አሳይተው ነበር። ቫቪሎቭ ጥያቄውን በሌላ ወገን ያዙት፦ መቋቋም የሚወረስ ከሆነ የዝርያዎችን ዝምድና ለመለየትም ማገልገል ይኖርበታል። ልዩ ልዩ የስንዴና የአጃ ዓይነቶችን ጎን ለጎን ዘርተው የትኛው በየትኛው ፈንገስ እንደሚጠቃ መዘገቡ። የፋርስ ስንዴ የተባለው ዓይነት ቅጠልን እንደ ነጭ ዱቄት ለሚሸፍነው ሻጋታ አለመበገሩ ከዳቦ ስንዴ የተለየ ዝርያ መሆኑን አመለከታቸው። ግምታቸው ትክክል ነበር፤ የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞዞም ሲኖረው የፋርሱ 28 ብቻ አለው። ጥናቱ በ1914 በእንግሊዝኛ በጆርናል ኦቭ ጄኔቲክስ ታተመ።

ይህንኑ ሐሳብ ያሰፉበት መጽሐፍ በ1919፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ በሞስኮ ወጣ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ሆኖ ሩቅ ይወስዳል። ጥገኛው ፈንገስ በጥቂት አስተናጋጆች ላይ ብቻ የተወሰነ በሆነ መጠን በዘመዶቻቸው መካከል የማይጠቃ ዓይነት የመገኘቱ ዕድል ይሰፋል። እንግዲህ አርቢው የሚቋቋም ዘር የሚፈልገው በዘፈቀደ ሳይሆን ዝምድናንና የመነሻ ሥፍራን ተከትሎ ነው። በእኔ አስተያየት በኋላ ያደረጓቸው ረጃጅም ጉዞዎች ከዚህ ሐሳብ ተነጥለው ሊታዩ አይገባም። በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከራስ ተፈሪ ጋር ከተገናኙ በኋላ ከአዲስ አበባ በቅሎ ጭነው ወደ ሰሜን ተጓዙ፤ የሰበሰቡትን ስንዴ የሚመለከተው ጥናታቸውም በ1931 ታተመ። (ከእርሳቸው ክምችት ባይሆንም፣ የአውሮፓ ገብስ አርቢዎች በስፋት የሚጠቀሙበት ኤምኤልኦ የተባለው የመቋቋም ዘረመል ምንጩ የኢትዮጵያ ገብስ መሆኑ ሐሳቡን የሚደግፍ ይመስለኛል።)

ከ1929 እስከ 1935 የሶቪየት ኅብረት የግብርና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1938 ያንን ወንበር የያዘው የሜንዴልን የውርስ ትምህርት የሚያወግዘው ትሮፊም ሊሴንኮ ነው። ቫቪሎቭ በ1940 የበሽታ መቋቋም ጥናታቸውን ማጠቃለያ፣ የሚቋቋሙ ዓይነቶችን ማግኛ ቁልፎች የሚለውን ሐሳብ የያዘውን ጽሑፍ አዘጋጁ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በምዕራብ ዩክሬን በዘር አሰሳ ላይ ሳሉ ታሰሩ። በ1941 ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ በ1942 ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። በዚያው 1942 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የውጭ አባሉ አድርጎ መረጣቸው። በጥር 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ በተዳከመ ሰውነት አረፉ፤ ሳራቶቭ በወጣትነታቸው በፕሮፌሰርነት ያስተማሩባት ከተማ ናት።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ለቆጠራችን አስቸጋሪ ናቸው። በአገራቸው ስማቸውን በበጎ መጥቀስ ለተመራማሪ አደጋ ነበረው፤ በ1948 ደግሞ ዘረመል ሳይንሱ ራሱ ከተቋማት ተባረረ። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የሩሲያ ጽሑፎች ውስጥ ስማቸው አለመታየቱ ሐሳባቸው አለመነበቡን አያሳይም፤ ሳይጠቅሱ የተጠቀሙበትን ሰዎች የሚቆጥር መዝገብ የለም። በአንጻሩ በአሜሪካ የዕፅዋት በሽታ አጥኚው ስታር ቼስተር ዋና ዋና ሥራዎቻቸውን ተርጉሞ በ1951 በአንድ ቅጽ አወጣ፤ የበሽታ መቋቋም ጥናታቸውም በርዕሱ ውስጥ ተሰይሟል። የእንግሊዝኛ አንባቢ በነፃነት የሚጠቅሰውን ሰው የአገሩ ልጅ ሊጠቅሰው አልቻለም ማለት ነው።

ፍርዱ የተሻረው በ1955 ነው። በ1940 የተጻፈው ማጠቃለያ በሩሲያኛ የታተመው በ1961 ሲሆን፣ የኅትመት ዓመትን ብቻ የሚከተል ቆጠራ ጽሑፉን የሚያስቀምጠው ደራሲው ካረፉ ከ18 ዓመት በኋላ ነው።