ኪሮስ ዓለማየሁ፤ ክራሩና አድማጮቹ

ሰው ያልፋል፤ መልካም ድምፅ ግን ሰሚ እስካገኘ ድረስ አያልፍም። ለዚህ ምስክር ከሚሆኑን ሰዎች አንዱ ከትግራይ ምድር የበቀለው ስመ ጥር የዜማ ደራሲና ዘፋኝ ኪሮስ ዓለማየሁ ነው። ኪሮስ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በቀዳማይ ወያነ ከምንማረው ተማሮች መካከል በሕይወት ሳለ ያየው አንድም የለም፤ ሆኖም ሠርግ በተሠራበት ቤት ወይም በአውቶቡስ ጉዞ ላይ ዘፈኑን ያልሰማ አይገኝም። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ወደድን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኪሮስ የተወለደው በ1948 በምሥራቅ ትግራይ፥ በሳዕሲዕ ጻዕዳ እምባ ነው። ይህ አገር ከመቀሌ ወደ ዓዲግራት በሚወስደው መንገድ ከውቅሮ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ዋና ከተማውም ፍረወይኒ፥ በሌላ ስሟ ሰንቃጣ ትባላለች። ምድሩ ደጋማና ዓለታማ ሲሆን በተካ ተስፋይ አካባቢ ከዓለት ተፈልፍለው የተሠሩ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አሉበት። ከኪሮስ ልደት አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፥ በ1943፥ ክፍለ ከተማችን ስሙን የወሰደበት የቀዳማይ ወያነ አመፅ ተነሥቶ ነበር፤ መንግሥትም በእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖች ርዳታ አመፁን አበረደው። እንግዲህ ኪሮስ ያደገው ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ገና ብርቱዎች ሆነው ሳሉ ነው ማለት ነው።

በዚያ አገር ልጅ ዜማን የሚማረው ከእናቱና ከሠፈሩ ነው። በሠርግና በበዓል ቀን ጓይላ ይቆማል፤ ከበሮ መቺው ከበሮውን በትከሻው አንግቶ ይመታል፤ ሕዝቡም ክብ ሠርቶ በዝግታ ይዞራል፤ ምቱ እየፈጠነ ሲሄድ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ተያይቶ ትከሻውን ያርገፈግፋል። በነሐሴ ወር ደግሞ ልጃገረዶች የአሸንዳን ዘፈን እየዘፈኑ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። ከእነዚህ ዘፈኖች የብዙዎቹ ደራሲ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም፤ ባለቤታቸው ሕዝቡ ነው። ኪሮስ በኋላ ዘመን ዜማ ሲደርስ የቀዳው ከዚህ ምንጭ ነበር።

ኪሮስ ለትምህርት ወደ መቀሌ መጥቶ በአፄ ዮሐንስ ትምህርት ቤት ተማረ። ክራር መምታትና መዝፈን የጀመረውም በተማሪነቱ ዘመን ነው። ይህ ነገር ዛሬ ለእኛ ቀላል ይመስለን ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ግን ቀላል አልነበረም። ዘፋኝነት በሕዝብ ዘንድ እንደ ክቡር ሥራ አይቆጠርም ነበርና። በትግራይ ዋጣ፥ በሌላው አገር አዝማሪ የሚባሉት ሰዎች ከሌሉ ድግሱ አይደምቅም፤ ድግሱ ሲያልቅ ግን ልጁን ለእነርሱ ሊድር የሚወድ ሰው ጥቂት ነበር። በመሣሪያዎቹም መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት ነበረ፤ በገና የዳዊት መሣሪያ ነው ተብሎ ሲከበር ክራር የሰይጣን ዕቃ ነው እየተባለ ይነቀፍ ነበር። በትምህርት ላይ ያለ ወጣት ክራር ሲያነሣ ወላጅ የሚፈራው ልጁ ትምህርቱን እንዳይተው ብቻ ሳይሆን ስሙም እንዳይዋረድ ጭምር ነበር።

ስለ ክራር ራሱ ጥቂት መናገር ይገባል፤ የኪሮስን ሥራ ለመረዳት ይጠቅማልና። ክራር በቁርበት ከተለበጠ ገበቴ፥ ከሁለት ቋሚ እንጨቶችና ከአንድ አግዳሚ የተሠራ ሲሆን አምስት ወይም ስድስት ክሮች አሉት። በጥንት ጊዜ ክሩ ከእንስሳ ጅማት ወይም አንጀት ይሠራ ነበር፤ በኋላ ናይለንና ሽቦ ተተኩ። ክሮቹ የሚቃኙት በአምስት ድምፅ ቅኝት ነው፤ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት የታወቁት ቅኝቶች ናቸው። የክራር ድምፅ ትንሽ ነው። ማጉያ ከሌለው አንድ እልፍኝ ቢሞላ እንጂ አደባባይ አይሞላም። ስለዚህ ክራር የሚሰማ ሰው ቀርቦ መቀመጥና ወሬውን ማቆም አለበት፤ ክራር መቺውም የአድማጩን ፊት እያየ ይዘፍናል። አድማጩ ሲተክዝ ያያል፤ ሲስቅም ያያል፤ እንዳየውም ዜማውን ያረዝመዋል ወይም ያሳጥረዋል። በትልቅ አዳራሽ ከመቶዎች ጋር ሆኖ ዘፈን መስማትና በአንድ ቤት ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ ክራር መስማት የሚለያዩት በዚህ ነው።

በዚህ ዓይነት ዝማሬ ከኪሮስ በፊት ስም ያተረፉ ሰዎች በአገራችን ነበሩ። ካሳ ተሰማ፥ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ በአዲስ አበባ ክራር ይዘው በአማርኛ ሲዘፍኑ ሕዝብ በጸጥታ ያዳምጣቸው ነበር። ኪሮስ ይህንኑ ክብር ለትግርኛ ዜማ ያስገኘ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኪሮስ በአዲስ አበባ በመርካቶ አካባቢ ከነበረው ከራስ ቴአትር ጋር መሥራት ጀመረ። ዘመኑ የካሴት ዘመን ነበር። የሸክላ ሙዚቃ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ እየቀረ ካሴት ቦታውን ይዞ ነበር። ካሴት ዋጋው የማይከብድ፥ በኪስ የሚያዝ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመገልበጥ የሚመች ስለ ሆነ ሸክላ ማጫወቻ ያልነበረው ሰው ሁሉ ዘፈን በቤቱ ለማስገባት ቻለ። የኪሮስ ዘፈኖች በካሴት ሲወጡ በሻይ ቤቱ፥ በአውቶቡሱና በሱቁ ይሰሙ ጀመር። ከሁሉ ይልቅ አንጓይ ፍስስ የተባለው ዘፈኑ ትግርኛ በማይነገርበት አገር ሁሉ ገብቶ ታወቀ።

ይህ የሆነበትን ጊዜ ማስታወስ ይገባል። በትግራይ ከ1975 እስከ 1991 ጦርነት ነበረ። በ1984 እና በ1985 ደግሞ ረሃብ ወርዶ በትግራይና በወሎ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በአዲስ አበባ በሌሊት መንቀሳቀስ በሰዓት እላፊ ትእዛዝ ተከልክሎ ስለ ነበር ሙዚቃ ሊሰማ የወጣ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት እስኪነጋ ድረስ በገባበት ቤት ይቆይ ነበር። የሰሜኑ አገር ስም በራዲዮ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የጦርነትና የችጋር ወሬ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ አንድ ሰው በትግርኛ ስለ ፍቅርና ስለ ናፍቆት ሲዘፍን መላው አገር አብሮት መጨፈሩ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። ጦርነቱ የለያየውን ሕዝብ ዘፈኑ በአንድ ቤት አስቀምጦታልና።

ታላላቆቻችን ስለ ኪሮስ ሲጨዋወቱ ሐሳባቸው በሁለት ይከፈላል። አንዳንዶቹ የሚወዱት በሳክስፎን፥ በጊታርና በኦርጋን ታጅቦ በካሴት የዘፈነውን ነው፤ ለጭፈራ የሚመች፥ ሠርግን የሚያሞቅ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ኪሮስ ኪሮስ የሚሆነው ክራር ይዞ ብቻውን ሲዘፍን ነው፤ በባንድ ውስጥ ድምፁ ከሌሎች ድምፆች ጋር ይጋፋል፥ በክራር ግን እስትንፋሱ እንኳ ይሰማል ብለው ይከራከራሉ። ነገሩን በሚገባ ብንመረምረው ሁለቱም እውነት አላቸው። ባንዱ ባይኖር የኪሮስ ዘፈን ከትግራይ ወጥቶ ያን ያህል አገር አያዳርስም ነበር፤ ክራሩ ባይኖር ደግሞ በባንዱ ውስጥ የሚዘፈነው ዜማ መሠረት አይኖረውም ነበር። ምሰሶ ያለ ጣራ ከዝናም አያስጥልም፤ ጣራም ያለ ምሰሶ አይቆምም።

ትግርኛ የማያውቁት አድማጮቹ ምን ይሰሙ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። የመልሱ ግማሽ ከቋንቋዎቹ ዝምድና ይገኛል። ትግርኛና አማርኛ ሁለቱም ሴማውያን ቋንቋዎች ናቸው፤ ፊደላቸውም አንድ ነው። በትግርኛ ልቢ የሚባለው በአማርኛ ልብ፥ ዓይኒ የሚባለው ዓይን፥ ፍቕሪ የሚባለው ፍቅር ነው፤ ሰላም ግን በሁለቱም ሰላም ነው። የፍቅር ዘፈን ደግሞ ከእነዚህ ቃላት ብዙ አይርቅም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ከዘፈኑ ጥቂት ቃል ይይዛል፤ የቀረውን በዜማው ይሞላዋል። አንዳንዱም የቀረውን ለማወቅ ትግርኛ የሚያውቅ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ጎረቤት ጎረቤቱን ስለ ቋንቋው ሲጠይቅ ወዳጅነት ይጀመራል። ይህን ያህል ሥራ አንድ ካሴት ሊሠራ ይችላል።

ትግርኛ የሚያውቁት ደግሞ ሌላ ነገር ይሰሙ ነበር። ከአገራቸው ርቀው በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ ለነበሩት፥ ወደ ወላጆቻቸው የሚያደርሰው መንገድ በጦርነት ለተዘጋባቸው ሰዎች፥ የኪሮስ ድምፅ እንደ ደብዳቤ ነበር። በዘፈኑ ውስጥ የሠፈራቸውን አነጋገርና የጓይላውን ምት ያገኙ ነበር። ዘፈን ሁሉ ለመዝናኛ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

ኪሮስ በአገሪቱ የመንግሥት ለውጥ ከተደረገ ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1994፥ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ጦርነቱ ቆሞ መንገዱ ተከፍቶ ብዙ ሥራ ሊሠራ በሚችልበት ዕድሜ ነበርና ሞቱ ወዳጆቹን ሁሉ አሳዘነ። ሥራው ግን አልተቋረጠም፤ ዘፈኖቹን ከእርሱ በኋላ የተነሡ ድምፃውያን ይዘፍኗቸዋል፤ በዓልና ሠርግም ያለ እነርሱ አያልፍም። ከ1948 እስከ 1994 ባለው አጭር ዕድሜ አንድ የገጠር ልጅ የተናቀውን ሙያ አክብሮ፥ የማይሰማውን ቋንቋ አሰምቶ ሄዷል።

እንግዲህ፥ ውድ ተማሮች፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው፥ ሙያ ሁሉ በሚይዘው ሰው ትጋት እንደሚከበር ነው፤ ክራር የሚወድ ጓደኛ ያለው ሰው አይሳቅበት፤ ክራር የሚወደውም ትምህርቱን አይተው። ሁለተኛው ደግሞ የሚመለከተው ሁላችንን ነው። ካሴት የያዘው የኪሮስን ድምፅ ነው፤ በአንድ ቤት ተቀምጠው ያዳመጡት ሰዎች የተሰማቸውን ግን ካሴት አልያዘውም። እርሱ ያለው በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ልብ ነው። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በተደረገው ጦርነት ትምህርት ቤቶቻችን ተዘግተው እንደ ነበር፥ ሰውና ንብረትም እንደ ጠፋ ሁላችን እናውቃለን። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲያልፍ ትዝታም ከሰው ጋር ይጠፋል።

ስለዚህ በቤታችሁ የተረፈ አሮጌ ካሴት ቢኖር ከሙቀትና ከአቧራ ጠብቁት፤ ጥብጣቡ በቶሎ ይበላሻልና። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ታላላቆቻችሁን ኪሮስን የት እንደ ሰሙት፥ ከማን ጋር እንደ ነበሩ፥ በየትኛው ዘፈን እንዳለቀሱና በየትኛው እንደ ጨፈሩ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት። የኪሮስ ታሪክ የቀረው ክፍል የሚገኘው በእነርሱ ዘንድ ነው።